ሙጫው እስኪደርቅ

ጀርመን፣ ጥቅምት 18 ቀን 2015 ዓ.ም.

ውድ አባባ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጆሮዎስ እንዴት ሆነ? ስልክ ላይ ስጮህ ሰፈሩ ሁሉ እየሰማኝ እርስዎ ብቻ ሳይሰሙኝ መቅረትዎ ያስቀኝም ያሳዝነኝም ነበር። በደብዳቤ እንሁን ማለትዎ ደግ አደረጉ። የፎቶ ኮፒ ቤቱን ኤልያቄምን፣ ሥራውን ትቶ ወረቀታችንን በስልኩ እያነሣ ስለሚልክልን ያመስግኑልኝ። የእጅ ጽሑፍዎ ዛሬም ጂኦግራፊ ሲያስተምሩን ሰሌዳው ላይ ይጽፉት የነበረው ነው።

«ሰው ምን ትሠራለች ሲለኝ ጄኔሬተር እላለሁ፤ ልክ ነኝ?» ብለው ጠይቀዋል። ጄኔሬተር አይደለም፤ ግን በጣም አልራቁም። ፀሐይ የምትነድበትን መንገድ እዚህ ምድር ላይ ለመድገም የሚሞክሩበት ማሽን አለ። ውስጡ ያለው ጋዝ ከፀሐይ እምብርት በላይ ይግላል። ያን ሙቀት ችሎ የሚይዝ ዕቃ ስለሌለ በማግኔት ጉልበት መሀል ላይ ተንሳፍፎ እንዲቆይ ይደረጋል። ማግኔቱን የሚፈጥረው ኮይል ነው። ባለቤቴ ሞሲሳ የውሃ ፓምፓችን ሲቃጠል አስጠቅልሎ ያመጣው ዓይነት ኮይል፤ ይኼኛው ግን ከቤታችን ይረዝማል፣ የሚሠራውም ከማናቸውም በረዶ በበለጠ ቅዝቃዜ ውስጥ ነው።

መከራው ሽቦው ነው። ኤሌክትሪኩን ያለ ኪሳራ የሚያሳልፈው ከተጋገረ በኋላ ነው፤ ከተጋገረ በኋላ ግን እንደ ብርጭቆ ይሰበራል። ስለዚህ አስቀድመን ጠቅልለን ቅርጹን እናስይዘዋለን፣ ከዚያ ምድጃ ውስጥ ለሳምንታት ይቆያል። ሲወጣ ማጠፍ የለ፣ ማቃናት የለ። ቢሆንም ገና መሸፈን አለበት። አንዱን ዙር ከሌላው በጥቂቱ ፈልቀቅ እያደረግን የመስታወት ጨርቅ እንጠመጥምበታለን። ትንሽ ካበዛነው ውስጡ ይሰነጠቃል፤ መሰንጠቁን ደግሞ ከላይ ማየት አይቻልም። አሁን ያለነው እዚያ ላይ ነው። የካቲት ላይ አየሩን መጥጠን አውጥተን ጨርቁን ሙጫ እናጠጣዋለን። የሙጫው ቡድን ኃላፊ እኔ ነኝ። ያ ካለቀ እረፍት እወጣለሁ፣ እመጣለሁ።

ሞሲሳ ከመስከረም መጨረሻ ወዲህ አልደወለም። የሚሠራበት ጤና ጣቢያ አካባቢ ኔትወርክ እንደ ተዘጋ ነው? የመጨረሻ ጊዜ አምቦ ወጥቶ ሲደውልልኝ በባኮ መንገድ ስላለው ተኩስ ብጠይቀው ወሬ ለወጠብኝ። እርስዎም እንዳይለውጡብኝ።

ልጄን ሃዊን በሁለቱም ጉንጮቿ ይሳሙልኝ።

ልጅዎ አመለሸጋ

*

አምቦ፣ ኅዳር 27 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለልጄ ለአመለሸጋ፣

ከብርዱም ከድካሙም እግዚአብሔር ይጠብቅሽ እላለሁ። መልሴ ስለ ዘገየብሽ ይቅርታ አድርጊልኝ። ጥቂት አሞኝ ነበር። ብርድ ነው ብለው መድኃኒት ሰጥተውኝ አሁን ተነሥቻለሁ። ለዚህ ብለሽ እንዳትጨነቂ።

ስለ ሽቦው የጻፍሽውን ደጋግሜ አነበብሁት። ሠርተው ከጨረሱት በኋላ የሚሰበር ነገር መሥራት እንዴት ያለ ሥራ ነው? እጅሽን እግዚአብሔር ያጽናው።

ሃዊ ደህና ናት፤ አንደኛ ክፍልን ለምዳዋለች። የሞሲሳ እናት አዴ ወርቅቱ ከወንጪ መጥተው ከእኛ ጋር ናቸው። ለጊዜው ነው። ሃዊ ማታ ማታ ከእሳቸው ጋር ነው የምትተኛው። ቤቱ ሰው በሰው ሆኗል።

ስለ ሞሲሳ ጠይቀሻል። ኔትወርኩ አሁንም የለም። ወደ ባኮ የሚወርደው መንገድም አልተከፈተም። እሱን የማያመሰግን ሰው አልገጠመኝም። የአንቺን ሥራ ሲያነሣማ ኩራቱ ሌላ ነበር።

የሙጫውን ቀን የካቲት ብለሻል። ከዚያ በፊት ሥራውን ጥለሽ ብትወጪ ምን ይመጣል? እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው።

አባትሽ ዮሐንስ

*

ጀርመን፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 2015 ዓ.ም.

ውድ አባባ፣

እንኳን ተሻለዎት። ብርድ ነው ያሉትን ባላምንም አምኛለሁ።

ከሙጫው በፊት ብወጣ ምን እንደሚመጣ ጠይቀውኛል። እኔም አለቃዬን ጠየቅሁት። ብዙ ኮይል አይቶ ያረጀ ሰው ነው። «ሂጂ ካልሽ ማን ይዞሻል?» አለኝ። «ግን ሙጫው አንዴ መግባት ከጀመረ ሰዓቱ ይቆጥራል፤ ሳይረጋ መጨረስ ነው። ከዚህ በፊት ሙጫ የሞላው ሰው ታሞ ቀርቷል። ሌላ የሠለጠነ የለኝም። አንቺ ከሌለሽ ቀኑን እናሻግራለን። ከተሻገረ ደግሞ ከበላይ ያሉት ይህን ሥራ ያቆዩት እንደሆን አላውቅም።» አልቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ቢሆንም ለገና መጥቼ ቶሎ ልመለስ አስቤያለሁ። ኤልያቄም የላከልኝ ፎቶ አላስተኛ ብሎኛል። ሃዊ ለምን ተላጨች? እርስዎ ለምን ጥቁር ለበሱ? አዴ ወርቅቱም ጥቁር ነጠላ ነው የደረቡት። በኤልያቄም ስልክ በቪዲዮ ሳገኛት ሃዊን «አባትሽስ?» አልኋት። «ሥራ ላይ ነው» ብላኝ ሮጠች። እንደ ቃል ጥናት አድርጋ ነው ያለችው።

አባባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነው፤ አፍሬም ነው። ሞሲሳ ሌላ ሰው ይዟል? አራት ዓመት ረጅም ነው። ሁለት ዓመት ብዬ ወጥቼ እንደገና ሁለት የጨመርሁት እኔ ነኝ። የአምቡላንስ ሾፌሮች ወደ አምቦ ይመላለሳሉ፤ አንዲት ቁራጭ ወረቀት መላክ ያቃተው መንገድ ስለ ተዘጋ ብቻ ነው ብዬ ራሴን ማሳመን ከብዶኛል። ካለ ይንገሩኝ። እውነቱን ብሰማ ይሻለኛል።

አመለሸጋ

*

አምቦ፣ ታኅሣሥ 18 ቀን 2015 ዓ.ም.

ልጄ፣

ስለ ባልሽ የጻፍሽውን ቃል ሁለተኛ እንዳትጽፊው። ሞሲሳ ከአንቺ ሌላ ሴት አላየም። በዚህ እኔ እምልልሻለሁ፤ መሐላ እንደማልወድ ታውቂያለሽ። ከልብሽ አውጪው።

ሃዊን ቅማል ይዟት ነው። ትምህርት ቤቱ በሙሉ ተላጭቷል። ጥቁሩን የለበስነው ቀብር ነበረብን፤ የምናውቀው ሰው ሞቶ ነው። በዚህ ዓመት ጥቁር ያልለበሰ ቤት ብትፈልጊ አታገኚም።

ለገና አትምጪ። ከአዲስ አበባ አምቦ ያለውም መንገድ አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ቀን ይዘጋል። መጥተሽ እዚህ ብትታገጂ ያ ሁሉ የደከምሽበት በሌላ ሰው እጅ ይበላሻል። አለቃሽ ያለሽን አንብቤዋለሁ። ጨርሺው። ሃዊን እኔ አለሁላት።

ብዙ ያልጻፍሁት ዓይኔ ስለ ደከመ ነው። አዴ ወርቅቱ ሰላም ብለውሻል።

አባትሽ ዮሐንስ

*

ጀርመን፣ የካቲት 21 ቀን 2015 ዓ.ም.

ውድ አባባ፣

እንዳሉኝ ቀረሁ። የገናን ቲኬት መለስሁት። ሁለት ወር ሙሉ ስላልጻፍሁልዎት ይቅር ይበሉኝ፤ አኩርፌ አይደለም። ወይም ትንሽ አኩርፌ ነው።

«ሙጫው እንዴት ሆነ?» ያሉት መልእክት በኤልያቄም በኩል ደርሶኛል። ገብቷል። ኮይሉን ቅርጽ መያዣው ሣጥን ውስጥ አስገብተን፣ ክዳኑን ገጥመን፣ አየሩን መጥጠን ጠዋት ጀመርን። ሙጫው እንደ ማር ነው፤ ሲሞቅ ይቀጥናል፣ ከታች ገብቶ ቀስ እያለ ወደ ላይ ይወጣል። ግማሹ ከሞላ በኋላ የግፊት መለኪያው ተንቀሳቀሰ። ከክዳኑ አንድ ቦታ አየር እየገባ ነበር። ከፀጉር የቀጠነ ቀዳዳ ይሆናል፤ ፈልገን አላገኘነውም።

ሁሉም እኔን አዩኝ። ብናቆም ሙጫው ግማሽ መንገድ ላይ ይረጋል፣ ኮይሉም ያልቅለታል። ብንገፋበት አየሩ የሆነ ቦታ ተደብቆ ሙጫው ሳይደርስበት ሊቀር ይችላል። ያ ቦታ አንድ ቀን በኤሌክትሪክ ብልጭታ ይበሳል። «ግፊቱን ጨምሩ፣ አታቁሙ» አልሁ። እስኪሞላ ድረስ ገፋንበት።

አሁን ምድጃ ውስጥ ነው። ሙጫው እስኪደርቅ፣ ኮይሉም ቀዝቅዞ እስኪፈተሽ ማንም ምንም ማወቅ አይችልም። ባልደረቦቼ «ደግ አደረግሽ» ይሉኛል። የሚሉኝ ሌላ የሚሉት ስለሌላቸው ነው።

እንዲህ ያለውን ነገር የምነግረው ለሞሲሳ ነበር። ስለ ሽቦ ምንም ባያውቅም ዝም ብሎ ሰምቶ፣ መጨረሻ ላይ «ታዲያ በልተሻል?» ይለኝ ነበር። አሁን ማንም እንደዚያ አይጠይቀኝም። ሌላ ሴት የለውም ብለው ምለውልኛል፤ አምኜዎታለሁ። እንግዲያው ምን በደልሁት? አባባ፣ እርስዎ ቢሆኑ ኖሮ ሙጫውን ያቆሙት ነበር?

አመለሸጋ

*

አምቦ፣ መጋቢት 6 ቀን 2015 ዓ.ም.

ልጄ አመለሸጋ፣

አቆመው እንደሆን ጠየቅሽኝ። እኔ ምን አውቅልሻለሁ? አንዳንድ ነገር ከተጀመረ በኋላ ማቆሚያው ይጠፋል። የጀመርሽው ለበጎ ብለሽ ከሆነ እግዚአብሔር ያያል። ሌላ የምልሽ የለኝም።

ሞሲሳን ምንም አልበደልሽውም። ምንም።

አዴ ወርቅቱ ወደ ወንጪ ተመልሰዋል። በአንድ ጉዳይ አልተስማማንም፤ በቁጣ ነው የሄዱት። ሃዊ አልቅሳ ነበር፤ አሁን ደህና ናት። ፀጉሯም በቅሏል።

ፈተናው እንዳለቀ ጻፊልኝ። ከዚያ በፊት ግን ስለ ምንም ነገር አትጠይቂኝ፤ እለምንሻለሁ።

አባትሽ

*

ጀርመን፣ ሚያዝያ 12 ቀን 2015 ዓ.ም.

ውድ አባባ፣

አትጠይቂኝ ስላሉኝ አልጠየቅሁም። ፈተናው አልቋል።

ኮይሉን አየር በሌለበት ክፍል ዘግተን ቮልቴጁን ቀስ እያልን ከፍ አደረግነው። ሊያልፍ ትንሽ ሲቀረው ብልጭ አለ። ድምፅ የለውም። መስታወቱ ላይ ሰማያዊ ነገር ታየና ጠፋ። ደገምነው፤ ያን ጊዜ አለፈ።

ከዚያ ጭቅጭቁ መጣ። ከበላይ የመጣው ሰው «ማሽኑ ውስጥ ሲገባ ይህን ያህል ቮልቴጅ አያገኘውም። ሁለተኛውን ውጤት ጽፈን እንላከው» አለ። ወረቀቱ ላይ የእኔም ፊርማ ያስፈልግ ነበር። «አንዴ ማሽኑ ውስጥ ከተገጠመ አውጥቶ ማየት የለም» አልሁት። «ውስጡ ደረቅ ቦታ ካለ ይህን ኮይል ብቻ አይደለም፣ አጠገቡ ያሉትንም ይዞ ነው የሚሄደው።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«አይደለሁም። እርግጠኛ ለመሆን መቁረጥ ነው።»

አለቃዬ «እሷ ያለችው ይሁን» አለ።

ባለፈው ሳምንት በመጋዝ ቆረጡት። መጋዙ ጮኾ ሲጀምር ወጥቼ ነበር፤ ጠርተው መለሱኝ። ተገኝቷል። ከዙሮቹ መሀል የመዳፍ ያህል ቦታ ላይ ጨርቁ ነጭ እንደ ሆነ ቀርቷል፣ ሙጫ ጠብ አላለበትም። ልክ ነበርሽ አሉኝ። ግን እኮ አባባ፣ ያን ቀን ሙጫው እንዲገፋ ያዘዝሁት ራሴ ነኝ። ባቆመውም ያው ነበር። የትኛውን ብመርጥ ኮይሉ ይሞት ነበር፤ ይህን ሳስብ የሚያጽናናኝ መስሎኝ ነበር፣ አላጽናናኝም።

ሌላ ኮይል አይጀመርም። ሥራው ታጥፏል፣ አዳራሹም ይዘጋል፤ ሁላችንም ተሰናብተናል። አለቃዬ ሁላችንንም ጨብጦ ሲጨርስ መሣሪያውን አንድ በአንድ ዘይት ቀብቶ በሣጥኑ ደረደረው። የሚጠቀምበት ሰው እንደሌለ ያውቃል።

ስለዚህ እመጣለሁ። ባዶ እጄን ነው። ለሞሲሳ አይንገሩት፤ እኔው ጤና ጣቢያው ድረስ ወርጄ ልየው። ቢቆጣኝም ፊት ለፊት ይቆጣኝ።

አመለሸጋ

*

አምቦ፣ ሚያዝያ 20 ቀን 2015 ዓ.ም.

ልጄ፣

ይህን ደብዳቤ ብቻሽን አታንቢው። አጠገብሽ ሰው ይኑር። ከሌለ አጥፊውና ሰው ፈልጊ።

ሥራሽ እስኪያልቅ ብዬ የያዝሁት ነገር ነበር። ሥራሽ አለቀ። አሁን የምደበቅበት የለኝም።

ሞሲሳ አርፏል። ያረፈው ኅዳር ላይ ነው፤ መልስ ያዘገየሁብሽ ጊዜ። ያመመኝ ብርድ አልነበረም።

የሆነውን የነገረችን አብራው የነበረችው ሴት ናት። ቦጋለች ትባላለች፤ ከጤና ጣቢያው በታች ካለው መንደር ናት። ምጥ ጠንቶባት ደም ሲፈስሳት እዚያ የሚያደርጉላት አልነበራቸውም። ሞሲሳ በአምቡላንስ ወደ አምቦ ሊያመጣት ተነሣ። መንገዱ አያስኬድም ብለውት ነበር። መንገድ ላይ የታጠቁ ሰዎች አስቆሟቸው። ሞሲሳ ነጭ ጋውኑን እንደ ለበሰ እጁን አንሥቶ ወረደ። «ሴት ናት፣ ደም እየፈሰሳት ነው። እኔን ያዙኝ፣ መኪናው ግን ይለፍ» ሲል ሰምታዋለች። ከዚያ ተኩስ ሆነ። ሾፌሩ ነድቶ አመለጠ። ማን እንደ ተኮሰ የሚያውቅ የለም፤ የሚያውቅም አይናገርም። አስከሬኑን ያገኘነው የአገር ሽማግሌዎች ሄደው ለምነው ነው።

ሴትየዋ ተርፋለች፤ ልጁም ተርፏል። በልቅሶው ላይ ሕፃኑን ይዛ መጥታ በሩ አጠገብ ተቀመጠች። ማን እንደ ሆነች ማንም አላወቀም ነበር። አዴ ወርቅቱ ናቸው ሄደው ያነሷት። ሕፃኑን ተቀብለው አቅፈው ብዙ ቆዩ።

የቀበርነው ወንጪ፣ ከአባቱ አጠገብ ነው።

አዴ ወርቅቱ በዚያው ቀን «ኦቦ ዮሐንስ፣ ለሚስቱ ተነገረ ወይ?» አሉኝ። አልተነገረም አልሁ። «ባሏ ነው። ከእኔም ይልቅ የእሷ ነው፤ ዛሬ ይነገራት።» እኔ እንቢ አልሁ። በሰው አገር፣ ብቻዋን፣ በሥራዋ መሀል መርዶ አይነገርም አልሁ። ደብዳቤሽን አሳየኋቸው። «ሙጫውን ትጨርስ» አልኋቸው። «ሙጫ ምንድን ነው?» ሲሉኝ ማስረዳት አልቻልሁም። መጋቢት ላይ አንቺ ምን በደልሁት ብለሽ የጻፍሽውን ሳነብላቸው ተነሥተው ሻንጣቸውን አዘጋጁ። «ልጄን ገደሉት፣ እናንተ ደግሞ በሕይወት እንዳለ አስመስላችሁ ታሙታላችሁ» ብለውኝ ሄዱ።

ሃዊ ታውቃለች። አፈር ስትመልስ አይቻታለሁ። ለእናትሽ «ሥራ ላይ ነው» በያት ብዬ ያስጠናኋት እኔ ነኝ። በሰፈሩ፣ በቤተ ዘመዱ፣ በጤና ጣቢያው ያልሰማ የለም። ያላወቅሽው አንቺ ብቻ ነሽ።

ይቅር በይኝ ማለት አልችልም፤ ግን በይኝ።

አባትሽ ዮሐንስ

*

ጀርመን፣ ግንቦት 2 ቀን 2015 ዓ.ም.

አባባ፣

ደብዳቤዎን በአለቃዬ ወጥ ቤት ተቀምጬ አነበብሁት። ሰው ይኑር ስላሉኝ እሱ ጋ ሄድሁ። ፊደሉን ባያውቅም ፊቴን እያየ አብሮኝ አነበበ።

ይቅር በይኝ ብለዋል። አሁን አልችልም። ወደ ፊት እንደምችልም ቃል አልሰጥዎትም። ለእኔ ብለው እንዳደረጉት አውቃለሁ፤ ስለማውቅ ነው የከበደኝ። ጠላት ቢሆኑ ይቀለኝ ነበር።

እርስዎ ሲጠይቁኝ «ከሙጫው በፊት ብወጣ ምን ይመጣል» ብለው ነበር የጠየቁኝ። ባሌ ሞቷል ብለው ቢጠይቁኝ ኖሮ መልሴ ሌላ ነበር። ኮይሉ ይበላሽ ነበር፤ ተበላሸም። እኔ ግን ባሌን እቀብር ነበር። እሱ ከተቀበረ በኋላ አምስት ወር ሙሉ አኮረፍሁት። ሌላ ሴት ጋ ነው ብዬ በሞተ ሰው ቀናሁ። እሱ ስለ ሌላ ሴት ነፍስ እጁን አንሥቶ ሞቶ፣ እኔ እዚህ በሴት ጠረጠርሁት። ይህን ከራሴ ላይ የሚያነሣልኝ የለም፤ እርስዎም አይችሉም።

ስለ ሃዊ ያሉትን ሌላ ጊዜ እንነጋገራለን። ያን ቃል ስትለኝ ዓይኗን አይቼዋለሁ። ስድስት ዓመቷ ነው።

ቅዳሜ አዲስ አበባ እገባለሁ። አይቀበሉኝ። ወደ አምቦም አልመጣም። በወሊሶ በኩል ቀጥታ ወንጪ ነው የምወጣው። እዚህ ሰዎቹ ሁሉ ለምን አታለቅሺም ይሉኛል። አልመጣልኝም። በወረቀት አንብቤ ማልቀስ አልፈልግም። አዴ ወርቅቱ በራፋቸው ላይ ቆመው፣ በራሳቸው አፍ፣ በራሳቸው ቋንቋ ይንገሩኝ። ያን ጊዜ ነው መርዶዬ። ከኅዳር ጀምሮ ሊነግሩኝ የፈለጉ እሳቸው ብቻ ናቸውና እሳቸው ይቅደሙ።

በዚያ ቀን ሃዊን ይዘዋት ይምጡ። እርስዎም ይምጡ፤ ከእኛ ጋር ይቀመጡ፣ አብረውን ያልቅሱ። አዴ ወርቅቱ መናገር እስኪጨርሱ ግን፣ ስለ እግዚአብሔር፣ እርስዎ አንድ ቃል አይናገሩ።

አመለሸጋ